ሽማግሌው በዳኛ ወንበር፦ የሎርድ ሃሊፋክስ የፖለቲካ ሕይወት ሂሳዊ ዳሰሳ

በ1938 መገባደጃ ለንደን ውስጥ አንድ የገንዘብ ክርክር እልባት አገኘ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሳሹ ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት በስደት ይኖሩ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ተከሳሹ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በአዲስ አበባና በብሪታንያ መካከል ይሠራ ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፍለው የሚገባ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሒሳብ ነበረበት። የክርክሩ ጭብጥ ገንዘቡ የማን ነው የሚል ነበር፤ ባዝ ያሉት ንጉሠ ነገሥት ወይስ አዲስ አበባን የያዘው የኢጣሊያ መንግሥት?

በጁላይ ወር ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ። የብሪታንያ መንግሥት ኢጣሊያ አገሪቱን በእጇ ማድረጓን እንጂ ሕጋዊ ባለቤትነቷን ገና ስላልተቀበለ፣ በሕግ ፊት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሳሹ ናቸው ተባለ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይቋጭ፣ ኖቬምበር 16 ቀን፣ ብሪታንያ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ ተቀበለች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ በደብዳቤ አረጋገጠ። ዲሴምበር 6 ቀን የይግባኝ ሰሚው ችሎት የመክሰስ መብቱ ወደ ኢጣሊያ ተላልፏል ሲል ወሰነ። የንጉሠ ነገሥቱ ጠበቆች መረጃ አልጎደላቸውም፣ ክርክራቸውም አልሳሳም። ከችሎቱ ውጭ የተጻፈ ወረቀት ከሳሹን ከሳሽ እንዳይሆን አደረገው እንጂ።

ደብዳቤው የወጣበትን ሚኒስቴር የሚመሩት ኤድዋርድ ፍሬድሪክ ሊንድሊ ዉድ፣ ሦስተኛው ቫይካውንት ሃሊፋክስ ነበሩ። ቸርችል «ሆሊ ፎክስ»፣ ማለትም ቅዱሱ ቀበሮ፣ ይሏቸው ነበር፤ በስማቸው ላይ የተሠራ ቀልድ ነው፤ ጸሎተኛነታቸውንና የፈረስ አደን ፍቅራቸውንም አንድ ላይ ይነካል። አንድሩ ሮበርትስ በ1991 ያሳተመው የሕይወት ታሪካቸውም ርዕሱን የወሰደው ከዚሁ ነው። በብሪታንያ የሃሊፋክስ ስም በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ወራት ላይ ያጠነጥናል። አንዱ የሙኒክ ስምምነት የተፈረመበት ሴፕቴምበር 1938 ነው፤ ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ደርሰው የተመለሱበት ሜይ 1940። እኔ በሌላ በር ልግባ። ሰውዬው ከማንኛውም ጊዜ ይበልጥ ጎልተው የሚታዩት ሜይ 12 ቀን 1938 ጄኔቭ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና።

መነሻዬ ይህ ነው፤ ሃሊፋክስ በተፈጥሮም በአስተዳደግም ሽማግሌ ነበሩ። ጠበኞችን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ቁጣን አብርዶ፣ ሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ለቆ እንዲነሣ የማድረግ ተሰጥኦ ነበራቸው። ተሰጥኦው ሕንድ ላይ አስከበራቸው። ጄኔቭ ላይ የተቀመጡበት ወንበር ግን የዳኛ ነበር።

የተወለዱት ኤፕሪል 16 ቀን 1881 በእናታቸው ወገን ይዞታ በሆነው፣ ዴቨን በሚገኘው የፓውደርሃም ግንብ ነው። ሲወለዱ ግራ ክንዳቸው እጅ አልነበረውም። አራተኛ ወንድ ልጅ ስለነበሩ የአባታቸው ማዕረግና ርስት የሚደርሳቸው አይመስልም ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ከ1886 እስከ 1890 ባሉት ዓመታት ተራ በተራ ሞቱና ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ብቸኛ ወራሽ ሆኑ። ቅድመ አያታቸው የ1832ቱን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ያሳለፉት ጠቅላይ ሚኒስትር ኧርል ግሬይ ናቸው። የመጀመሪያው ቫይካውንት የሆኑት አያታቸው የገንዘብ ሚኒስትርም የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። እንዲህ ካለ ቤት የሚወጣ ልጅ ሥልጣንን ይጠብቀዋል እንጂ አይመኘውም።

አባታቸው ግን ከዚህ ወጣ ያሉ ሰው ነበሩ። የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር ለማቀራረብ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ፣ በ1920ዎቹ ቤልጂግ ሜክለን ላይ ከካርዲናል መርሲዬ ጋር ለተካሄደው ውይይት ዋና አንቀሳቃሽ የነበሩ፣ ከዚያ የሚተርፋቸውን ጊዜ ደግሞ የመናፍስት ታሪክ በመሰብሰብ የሚያሳልፉ ጌታ ነበሩ። የሰበሰቡትን ታሪክ ልጃቸው በ1936 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት፤ አዲስ አበባ በወደቀችበት በዚያው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ከዚያ በላይ ላስተረጉመው አልሞክርም። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ቁም ነገር ሌላ ነው። በእምነት የተለያዩ ሰዎች እንኳ በቅን ልብ አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ልዩነታቸው ይጠብባል የሚል ጽኑ ተስፋ ነው።

ኢተንና ኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ተማሩ፤ በ1903 የኦል ሶልስ ኮሌጅ አባል ሆኑ፤ በ1909 ስለ ጆን ኪብል፣ ስለ ካህኑና ባለቅኔው፣ መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ዓመት የኧርል ኦንስሎውን ልጅ ዶሮቲን አገቡ። በ1910 መጀመሪያ ከሪፐን ተመርጠው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ገቡ። የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትርነታቸውን በአጭሩ ልለፈው። ሁለቱንም ሥራ ያለ ነቀፋ፣ ያለ አሻራም ጨረሱ።

በ1926 የሕንድ እንደራሴ ሆነው፣ ሎርድ ኧርዊን በሚል አዲስ ማዕረግ፣ ዴልሂ ገቡ። አጀማመራቸው ክፉ ነበር። የሕንድን የወደፊት አስተዳደር እንዲያጠና በ1927 የተሰየመው የሳይመን ኮሚሽን አንድም ሕንዳዊ አልነበረበትም፤ ይህ ደግሞ ከእንደራሴው ምክር ውጭ የተደረገ አልነበረም። የሕንድ ፓርቲዎች ኮሚሽኑን በጥቁር ባንዲራ ተቀበሉት። እዚህ ላይ የሰውዬውን ጥሩ ጎን መካድ አይገባም፤ ስሕተታቸውን አዩ። ኦክቶበር 31 ቀን 1929 የብሪታንያ ፖሊሲ መዳረሻ ሕንድን እንደ ካናዳና አውስትራሊያ ራሷን የምታስተዳድር ዶሚኒየን ማድረግ ነው ሲሉ በይፋ አስታወቁ። ለንደን ውስጥ በወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰፈር ይህ እንደ ክህደት ተቆጠረ።

ቀጥሎ ጨው መጣ። ማርች 12 ቀን 1930 ጋንዲ ከሳባርማቲ ተነሥተው 390 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ዳንዲ ባሕር ዳር ደረሱ፣ ጎንበስ ብለውም የመንግሥትን የጨው ሞኖፖል የሚጥስ እፍኝ ጨው አነሡ። እንደራሴው መጀመሪያ ነገሩን አቅልለውት ነበር። በወራት ውስጥ 60,000 የሚሆን ሰው ታሰረ፤ ጋንዲም በሜይ ወር ታሰሩ። ጃንዋሪ 1931 ላይ ጋንዲንና የኮንግረስ ፓርቲ መሪዎችን ፈቱ፤ ከፌብሩዋሪ 17 ጀምሮም ሁለቱ ሰዎች ስምንት ጊዜ ያህል ተገናኙ። አንዱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ የዮርክሻየር ጌታ፣ ሌላው ነጠላ የለበሱ ጾመኛ። ሁለቱም በየቀኑ የሚጸልዩ ሰዎች መሆናቸው ለመግባባት ረድቷቸዋል። ለንደን ላይ ቸርችል ይህ እርቃኑን የቀረ ፈቂር የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ወጥቶ ከንጉሡ እንደራሴ ጋር እኩል መነጋገሩ የሚያንገሸግሽ ነው እያሉ ይቆጡ ነበር።

የማርች 5ቱ ውል የሽምግልና ሥራ ነው። ዓመፅ ያልፈጸሙ እስረኞች ይፈታሉ፤ አስቸኳይ አዋጆች ይነሣሉ፤ የባሕር ዳር ሰው ለቤቱ ጨው ማውጣት ይፈቀድለታል። ኮንግረስም እምቢተኝነቱን አቁሞ ለንደን ለሚካሄደው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ይቀርባል። በውሉ ውስጥ የሌለው ነገር ግን ካለው ያላነሰ ይናገራል። ጋንዲ ፖሊስ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ የፈጸመው ድብደባ በገለልተኛ ወገን እንዲጣራ ጠይቀው ነበር። እንደራሴው አልተቀበሉም፣ ጥያቄውም ወደቀ። ሽማግሌ ሁልጊዜ ያለፈው ይለፍ ማለት ይቀናዋል፤ ቁስሉን ከፍቶ ማየት እርቁን ያፈርስበታል። ውሉ በተፈረመ በ18ኛው ቀን አብዮተኛው ብሃጋት ሲንግ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ላሆር ላይ ተሰቀለ፤ ጋንዲ ለምነው ነበር፣ ኧርዊን ፍርዱን አላቀለሉም።

ያም ሆኖ የሕንዱ ሽምግልና ሽምግልና የሚያሰኘው ነገር ነበረው። ሁለቱም ባለ ጉዳዮች ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም የሚሰጡት አላቸው፣ ሁለቱም ቃላቸውን ይፈሩታል። ሃሊፋክስ ከዚያ ክፍል የወጡት እነዚህ ሁኔታዎች በየትም አገር የሚገኙ መስሏቸው ነው።

አባታቸው በ1934 ሲሞቱ የሃሊፋክስን ማዕረግ ወረሱ። በቀጣዩ ዓመት ለጥቂት ወራት የጦር ሚኒስትር፣ ከዚያ የሎርዶች ምክር ቤት መሪ ሆኑ። በዲሴምበር 1935 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው ኢትዮጵያን ቆራርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ሲስማሙና ሕዝቡ ሲቆጣ፣ ሆር ካልለቀቁ የመንግሥት የሞራል ሚዛን ይወድቃል ካሉት ሚኒስትሮች አንዱ ሃሊፋክስ ነበሩ። ይህን ልብ ይሏል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እርሳቸው ጄኔቭ ይዘውት የሄዱት ሐሳብ ሆር ከፈረሙት የከፋ ነውና። የሆር ዕቅድ ከኢትዮጵያ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያተርፈው መሬት ነበረው።

በኖቬምበር 1937 በርሊን ውስጥ የአደን ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የቀበሮ አደን ማኅበር አለቃ የነበሩት ሃሊፋክስ በዚህ ስም ተጋበዙ፣ ከዚያም ወደ በርክተስጋደን ተወሰዱ። ከመኪናው ሲወርዱ በመስኮት በኩል ጥቁር ሱሪና ጫማ አዩ፤ አሽከር መስሏቸው ካፖርታቸውን ሊያቀብሉት ሲሉ ሂትለር መሆኑ በሹክሹክታ ተነገራቸው። ታሪኩን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር። ከዚያ ይልቅ ሊወራ የሚገባው በዚያ ጉብኝት ሂትለር የሰጣቸው ምክር ነው። ስለ ሕንድ ሲነሣ ጋንዲን ተኩሳችሁ ግደሉት፣ ካልበቃ ከኮንግረስ መሪዎች ጨምሩ አላቸው። ሽማግሌው ከሰባት ዓመት በፊት ለሰዓታት ተቀምጠው ያወያዩትን ሰው መግደል የሚመክር ሰው ፊት ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሃሊፋክስ ግን በዚሁ ውይይት ዳንሲግ፣ ኦስትሪያና ቼኮስሎቫኪያ በሰላማዊ መንገድ እስከሆነ ድረስ ከጊዜ ጋር ሊለወጡ የሚችሉ ጉዳዮች መሆናቸውን ጠቆሙ። ሰውዬው ምን ዓይነት ባለ ጉዳይ እንደሆነ በገዛ አፉ ነግሯቸው ሳለ።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1938 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን ከጠቅላይ ሚኒስትር ቼምበርሌን ጋር በኢጣሊያ ጉዳይ ተጣልተው ለቀቁ። በማግሥቱ ሃሊፋክስ ተተኩ። ኤፕሪል 16 ቀን ሮም ላይ የብሪታንያና የኢጣሊያ ስምምነት ተፈረመ። ቀኑ ለምዕራባውያን ቀዳም ሥዑር ነበር፣ ለሃሊፋክስም 57ኛ ዓመት ልደታቸው። በስምምነቱ መሠረት ኢጣሊያ ከስፔን ጦሯን መመለስ ስትጀምር ብሪታንያ የኢትዮጵያን መያዝ በሕግ ትቀበላለች። እንቅፋቱ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ነበር፤ አባላቱ ወራሪን ላለመቀበል የተያያዙበት አቋም መላላት ነበረበት። ሃሊፋክስ ለዚህ ጄኔቭ ሄዱ።

ሜይ 12 ቀን በማኅበሩ ምክር ቤት ያደረጉት ንግግር ተደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። አይሳደብም፣ አይዋሽም ማለት ይቻላል፣ ኢጣሊያንም አያመሰግንም። መንግሥታቸው የኢጣሊያን አድራጎት መንገድ እንዳልደገፈ ይናገራል። ከዚያ ክርክሩን በሁለት በጎ ነገሮች ግጭት ላይ ይገነባዋል። አንደኛው ለመርሕ ያለማወላወል መታመን ነው፤ ሁለተኛው ሰላም። ማኅበሩ ታላቅ ቢሆንም የቆመላቸው ዓላማዎች ከራሱ ይበልጣሉ፣ ከዓላማዎቹም የሚበልጠው ሰላም ነው ይላል። መደምደሚያው እያንዳንዱ አባል ኢጣሊያን መቀበል አለመቀበሉን በራሱ ይወስን የሚል ነው። ሰሙ ነፃነት ነው፤ ወርቁ መፍቻ ነው። ማኅበሩ ማኅበር የሚሆነው አባላቱ በተናጠል ላለመወሰን ስለተማማሉ ነበርና።

ንግግሩን በትኩረት ያየ አንባቢ ሦስት ነገር ያጣበታል። ሦስቱም የዳኛ ሥራዎች ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ውሉ የለም። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ አባላት አንዱ የሌላውን ግዛትና ነፃነት ከውጭ ጥቃት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ1923 አባል ስትሆን፣ ባርነት አለባት እያሉ ካንገራገሩት መካከል ለንደን አንዷ ነበረች፤ በመጨረሻ ግን ኢትዮጵያን ግዴታ አስገብተው ተቀበሏት። ሃሊፋክስ ይህን ሰነድ እንደ ውል ሳይሆን እንደ መልካም ምኞት ያነሡታል። ምኞት ሲሆን ከሌላ ምኞት ጋር ሊመዘን ይችላል፤ ውል ሲሆን ወይ ይፈጸማል ወይ ይፈርሳል።

ሁለተኛው የሚጎድለው ተከራካሪ ወገን ነው። ኢጣሊያ በዲሴምበር 1937 ማኅበሩን ጥላ ወጥታለች። ሽማግሌው የሚያስታርቁት አንዱን ወገን ብቻ፣ ያውም የተበደለውን፣ ከሌለ ሰው ጋር ነው። በአገራችን ወግ በዳይ ለሽማግሌ ድንጋይ ይሸከማል፣ እግር ይስማል። ይህኛው በዳይ አልመጣምም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሃሊፋክስ ደጋግመው የተማጸኑት ለገሃዱ ነው፤ የሆነው ሆኗል፣ ያልሆነውን እየመሰልን እስከ መቼ ነው በሚል መንፈስ። ንጉሠ ነገሥቱ በአካል ተገኝተው ነበር፤ ያቀረቡትን ቃል ዲፕሎማታቸው ሎሬንሶ ታእዛዝ አነበቡት። መልሱ ገሃድ የተባለው ገሃድ አይደለም የሚል ነበር፤ ኢጣሊያ አገሪቱን አልያዘችም፣ ጦርነቱ ቀጥሏል። ትክክል የነበረው የትኛው እንደሆነ ዛሬ አናጣውም። ከኦገስት 1937 ጀምሮ ጎጃምና በጌምድር በዓመፅ ነድደው ነበር። በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ፣ አበበ አረጋይ ሸዋ ውስጥ፣ ሌሎችም በየቦታቸው ዱር ነበሩ። የኢጣሊያ ጦር በቀን መንገዱንና ከተማውን ይዞ ሌሊት ምሽጉን ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ሃሊፋክስ ገሃድን አልተቀበሉም፤ የሮምን መግለጫ ገሃድ ብለው ተቀበሉ። መርሕን ለእውነታ ሠዉ ብሎ የሚከላከልላቸው ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የተሠዋው መርሕም እውነታም ነው።

ከምክር ቤቱ አባላት ቻይና፣ ቦሊቪያ፣ ሶቪየት ኅብረትና ኒው ዚላንድ ተቃወሙ። ድምፅ አልተሰጠም፤ አብዛኛው በዝምታም በቃልም ከለንደን ጋር ሆነ። የኒው ዚላንዱ ዊልያም ጆርዳን ተቃውሞ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ዶሚኒየን በገዛ ንጉሡ ሚኒስትር ፊት ውሉ ይከበር አለ። የሌዲ ሃሊፋክስ አባት፣ ኧርል ኦንስሎው፣ የዚያች አገር ገዥ የነበሩ መሆናቸውን አንባቢ ለፈገግታ ይያዝልኝ።

ለሃሊፋክስ ተገቢውን ለመስጠት፣ ሁኔታው ቀላል አልነበረም። የብሪታንያ ባሕር ኃይል በአንድ ጊዜ ጀርመንን፣ ኢጣሊያንና ጃፓንን መቋቋም አይችልም የሚል ምክር ከጦር አለቆች ይመጣ ነበር። በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በጁላይ 1936 ተነሥቷል፣ ያንን ያደረጉት እርሳቸው አይደሉም። ብዙ መንግሥታትም በየፊናቸው ለሮም ጎንበስ ብለው ነበር። ሙሶሊኒን ከሂትለር መለየት የሚቻል ቢሆን ዋጋው ያስኬዳል የሚል ሰው ሞኝ አይባልም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ድርድሩን በሥነ ምግባር ልብስ ማልበሳቸውን ነው። ተራ ፖለቲከኛ ቢሆን አቅም የለንም ብሎ ይቆም ነበር። ሃሊፋክስ ግን ሰላምን ከጽድቅ በላይ አስቀምጠው ባረኩት። ያ ጸሎተኛነት፣ ያ ጨዋነት፣ ያ ለዘመናት የተከበረ የቤት ስም ለንግግሩ ክብደት ሰጠው። ከሆር አፍ ቢወጣ ሕዝብ ያስነሣ ነበር፤ ከሃሊፋክስ አፍ ሲወጣ ግን ምክር መሰለ።

ትርፉ ሲታሰብ ደግሞ ባዶ ነው። ስምምነቱ ኖቬምበር 16 ሥራ ላይ ዋለ፣ የባዙ ስደተኛም ገንዘባቸውን አጡ። ጃንዋሪ 1939 ቼምበርሌንና ሃሊፋክስ ሮም ድረስ ሄደው ሙሶሊኒን ጎበኙ፤ የአማቹ የቻኖ ማስታወሻ እንደሚመሰክረው ሰውዬው በእንግዶቹ ላይ ንቀት እንጂ አክብሮት አላደረበትም። ኤፕሪል 7 ቀን፣ በምዕራባውያን ስቅለት ዕለት፣ የኢጣሊያ ጦር አልባኒያን ወረረ። ስምምነቱ ከተጸናበት አምስት ወር አልሞላውም።

በመካከሉ ሃሊፋክስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል፣ ይህም በታሪክ ተመዝግቦላቸዋል። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1938 ቼምበርሌን ከጎደስበርግ ሂትለር በቼኮስሎቫኪያ ላይ ያቀረበውን አዲስ ጥያቄ ይዘው ሲመለሱ ሃሊፋክስ ሊቀበሉ ዳድተው ነበር። ማታ የሚኒስቴሩ ቋሚ ባለ ሥልጣን አሌክሳንደር ካዶገን ቆጣ ብለው አነጋገሯቸው። ሃሊፋክስ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው በማግሥቱ ካቢኔው ፊት ሂትለር አንዳች ሳይሰጥ ጦርነት ያሸነፈ ይመስል ትእዛዝ እያወረደ ነው አሉ፤ ከቼምበርሌንም ለመጀመሪያ ጊዜ ተለዩ። ከዚያ በኋላ እየጠነከሩ ሄዱ፤ በማርች 1939 ለፖላንድ የተሰጠው ዋስትና ውስጥ እጃቸው አለበት። ቼኮስሎቫኪያ ያስከፈለቻቸውን እንቅልፍ ኢትዮጵያ ስታስከፍላቸው ግን በሕይወት ታሪካቸው አላነበብኩም። ሁለቱን ያለያየው ምን ይሆን? ፕራግ አውሮፓ ናት የሚለው ቀላል መልስ እውነትነት አለው፣ ግን አይበቃም። ጎደስበርግ ላይ ሂትለር የጨዋ ወጉን አፍርሷል፤ ሽማግሌ የሰጠውን አልፎ ጠይቋል። የባላባቱን ኅሊና ያስነሣው ከበደሉ ይልቅ ብልግናው ይመስለኛል።

ሜይ 1940ን በአጭሩ ላንሣው፣ ሌሎች በሰፊው ጽፈውታልና። በ9ኛው ቀን ቼምበርሌን ሊለቁ ሲወስኑ ንጉሡም ብዙ ወግ አጥባቂዎችም ሃሊፋክስን ይመርጡ ነበር። እርሳቸው የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆኖ ጦርነት መምራት አይቻልም ብለው ለቸርችል ለቀቁ። ከ26 እስከ 28 በነበሩት ቀናት ግን የብሪታንያ ጦር ደንከርክ ላይ ተከቦ ሳለ፣ በኢጣሊያ በኩል ለድርድር የሚሆን ቀዳዳ ይኑር ብለው ከቸርችል ጋር ተከራከሩ። ከኢጣሊያ አምባሳደር ባስቲያኒኒ ጋርም ተነጋግረው ነበር። ለንደን ይህን የጨለማ ሰዓት ፈተና ይለዋል። ከጄኔቭ ተነሥቶ ለሚያይ ግን አዲስ ነገር የለውም፤ ያው ሽማግሌ ያንኑ ደጅ ነው የሚያንኳኩት። ሙሶሊኒ ጁን 10 ቀን መልስ ሰጠ፤ ጦርነት አወጀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በባሕር አውሮፕላን ከእንግሊዝ ተነሥተው በግብፅ በኩል ካርቱም ገቡ።

ቸርችል በዲሴምበር 1940 ሃሊፋክስን ከውጭ ጉዳይ አንሥተው ዋሽንግተን አምባሳደር አደረጓቸው። ኢደን በቦታቸው ተመለሱ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941ም ብሪታንያ የኢትዮጵያን ነፃነትና የኃይለ ሥላሴን መመለስ እንደምትደግፍ በምክር ቤት የተናገሩት ኢደን ነበሩ። አሜሪካ ሃሊፋክስን መጀመሪያ ሳቀችባቸው፤ ዲትሮይት ላይ ጦርነቱን የሚቃወሙ ሴቶች እንቁላልና ቲማቲም ወረወሩባቸው። ቀስ በቀስ ግን ተከበሩ። ልጃቸው ፒተር በ1942 ግብፅ ውስጥ በጦርነት ሞተ፤ ሌላው ልጃቸው ሪቻርድ ሁለት እግሩን አጣ። ሐዘናቸውን በዝምታ ተሸከሙት፣ አሜሪካውያንም ያንን አዩ። በ1944 ኧርል ተባሉ። ከኢኮኖሚስቱ ኬንስ ጋር ሆነው ለተዳከመችው አገራቸው የ3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር አስገኙ፤ በ1946 ወደ ዮርክሻየር ተመልሰው፣ በ1957 ትዝታቸውን አሳትመው፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1959 ጋሮቢ በሚገኘው ርስታቸው ዐረፉ።

ከዋሽንግተኑ ዘመን አንድ ቀን ይቀረኛል። ጁን 25 ቀን 1945 ሳን ፍራንሲስኮ ኦፔራ ቤት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ለመጨረሻ ድምፅ ቀረበ። የዕለቱ ሰብሳቢ ሎርድ ሃሊፋክስ ነበሩ። በእጅ ማውጣት ፈንታ፣ የሚደግፍ ሁሉ ከመቀመጫው እንዲነሣ ጠየቁ። ሃምሳ ልዑካን ተነሡ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ የነበሩበት የኢትዮጵያ ልዑክ ከእነርሱ አንዱ ነበር።